ቀመርን በዓይን ማየት፤ ከልደታ አውሮፕላን ሜዳ እስከ ነፃው የግራፍ ፕሮግራም

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለወግና ለክርክር ብቻ የተነገረ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ለሒሳብ ትምህርትም ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ መልኩና ጥራቱ ለጠጪው እንደሚታይ ሁሉ፣ የሒሳብ እኩልታም በግራፍ ሲሣል ባሕርዩ ለተማሪው ይገለጥለታል። ተማሪው እኩልታውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በፊደልና በቁጥር ብቻ ተደርድሮ ያየው እንደ ሆነ በቃሉ ያጠናዋል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላም ይረሳዋል። መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲጎብጥና ሲቀና በዓይኑ ያየው እንደ ሆነ ግን ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ምክንያትን መጠየቅ ደግሞ የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

ዛሬ ይህን ሥዕል የሚሥሉና ዋጋ የማይጠየቅባቸው ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ በመሥሪያ ቤት ያለው ባለሙያም «ከእነዚህ መካከል የቱን ልምረጥ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምርጫው ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በስተኋላው የአንድ ትውልድ ትምህርት በማን እጅ ባለ መሣሪያ ላይ ይቆማል የሚል ከባድ ጥያቄ አለበት። ለዚህም ጥያቄ መልስ ለመስጠት ታሪኩን መመርመር ይጠቅማል። ታሪኩንም ከሩቅ አገር ከመጀመር በአዲስ አበባ ከልደታ ሠፈር ብንጀምረው ለአንባቢ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ልደታ ስሙን ያገኘው በዚያ ካለችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ አደረገ። በእነዚያ ዓመታት አየር መንገዱ አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀምበት ሜዳ የልደታው ነበር። የያኔዎቹ አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ፣ በሁለት ሞተር የሚበሩ ዳግላሶች ስለ ነበሩ ሜዳው ይበቃቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የሚባሉትን የጄት አውሮፕላኖች ለማስመጣት በወሰነ ጊዜ፣ የልደታው መንደርደሪያ ለእነርሱ አጭር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም በቦሌ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመሩ። በልደታው ሜዳ በኩል ያለው ሠፈር ግን «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠራል።

መንደርደሪያው ለምን አጠረ? መልሱ በአንዲት አጭር እኩልታ ውስጥ ይገኛል። አንድ አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት የሚሮጠው ርቀት ለመነሣት ከሚያስፈልገው ፍጥነት ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ይኸውም ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን በግራፍ ወረቀት ላይ የሣለው ሰው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላም እየከረረ ወደ ላይ የሚወጣ ፓራቦላ የሚባለውን ጐባጣ መስመር ያያል። ለዚህም የአዲስ አበባ ከፍታ ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱ ከመቶ 12 ያህል መጨመር አለበት፤ በካሬው ሕግ መሠረት ርቀቱ ከመቶ 25 ያህል ይረዝማል። የሞተሩም ኃይል በሳሳ አየር ስለሚደክም እውነተኛው ርቀት ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ የልደታን ሜዳ ዕድል የወሰነው ነገር ከሞላ ጐደል የአንድ ጐባጣ መስመር ቅርጽ ነበር ለማለት ይቻላል።

በዚሁ በልደታ ሌላም የግራፍ ቤት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕንፃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት እየተባለ የሚጠራው ይኸው ተቋም ነው። የሕንፃ ተማሪ አንድ አግዳሚ ተሸካሚ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ለማወቅ የጭነቱን ጉልበት በግራፍ መሣል አለበት። በሁለት ጫፉ ላይ ያረፈና በሙሉ ርዝመቱ እኩል ጭነት የተጫነበት ተሸካሚ የሚጐብጥበት ጉልበት ሲሣል፣ የሚወጣው መስመር ያው ፓራቦላ ነው። ተሸካሚው በእጥፍ ቢረዝም፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት እንዳለ ሆኖ፣ በመካከሉ የሚጐብጥበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳና ጣራ የሚሸከመው አግዳሚ በአንድ ሕግ መታሰራቸውን ፊደል ብቻ ያነበበ ሰው በቶሎ አያስተውለውም፤ ሁለቱን ግራፎች ጐን ለጐን ያስቀመጠ ግን ወዲያው ያየዋል።

በዚያን ዘመን የነበረው መሣሪያ የግራፍ ወረቀት፣ የተሳለ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥና ስላይድ ሩል የሚባለው ተንሸራታች ማስሊያ ነበር። ተማሪው ለእያንዳንዱ ነጥብ ቁጥሩን አስልቶ፣ ነጥቡን በወረቀቱ ላይ አኑሮ፣ ኋላ ነጥቦቹን በእጁ ያያይዛል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው። በሁለት ነጥቦች መካከል መስመሩ ምን እንደሚሆን ያልገባው ተማሪ እጁ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶም ሌላ ነጥብ ያሰላል። የዚህን የእጅ መቆም ዋጋ ኋላ እናየዋለን።

ቁጥርን በሥዕልና በሠንጠረዥ ማሳየት ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳይመስል ደግሞ አንድ ቃል መጨመር ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የጾምንና የበዓልን ቀን ሲያወጡ በ19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ በ76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይጠቀማሉ። 19 በ28 ሲባዛ 532 ይሆናልና፣ ዐቢዩ ቀመር ሲፈጸም የጨረቃውም የፀሐዩም ዑደት ከመነሻቸው ይገጥማሉ። ይህንንም በብራና ላይ በሠንጠረዥና በክብ አውድ ይጽፉት ነበር። የተደጋጋሚን ነገር ጠባይ በክብ መሣል፣ ዛሬ የሞገድን ጠባይ በግራፍ ከመሣል የራቀ አሳብ አይደለም።

በአውሮፓም ግራፍ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ14ኛው መቶ ዓመት ኒኮል ኦሬም የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ የፍጥነትን መለዋወጥ በመስመር ርዝመት ለማሳየት ሞከረ። በ1614 ስኮትላንዳዊው ጆን ናፒየር የሎጋሪዝምን ሠንጠረዥ አሳተመ። በ1637 ደግሞ ሬኔ ዴካርት «ጂኦሜትሪ» በሚለው ድርሰቱ እኩልታንና መስመርን አንድ አድርጎ የሚያስተሳስረውን መንገድ ገለጠ፤ ፒየር ዴ ፌርማም በዚያው ዘመን ራሱን ችሎ ወደዚያው አሳብ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጀምሮ መስመር ያለው ሁሉ እኩልታ ሊጻፍለት፣ እኩልታ ያለው ሁሉ መስመር ሊሣልለት ቻለ።

ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ግን ሥዕሉን የሚሥለው የሰው እጅ ነበር። በ1985 የጃፓኑ ካሲዮ ኩባንያ ግራፍ የሚሥል የእጅ ማስሊያ ለገበያ አወጣ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ማስሊያዎች ዋጋ እስከ ዛሬ ድረስ ለብዙው ኢትዮጵያዊ ተማሪ አቅም የሚከብድ ነው። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ግራፍ በመስኮት ሲንቀሳቀስ በብዛት ያየው በ2004 በተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በተባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። የሒሳብ ትምህርት በትልቅ መስኮት በሚያምር ሥዕል ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ሥርጭቱ ለአገር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፣ ተማሪው «ይህ ቁጥር ቢለወጥስ መስመሩ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ጥያቄውን የሚመልስለት መሣሪያ በእጁ ሊነካው የሚችል መሆን ነበረበት። ያን ዓይነቱ መሣሪያ ደግሞ በዓለም ላይ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር።

በ1986 ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች ግኑፕሎት የሚባለውን ፕሮግራም ሠርተው ለፈለገ ሁሉ እንዲሰጥ አደረጉ። ግኑፕሎት በትእዛዝ ጽሑፍ የሚሠራ፣ ቦታ የማይፈጅና በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ የሚሄድ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ማክሲማ ነው። እርሱም የተወለደው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1968 ከተጀመረ ፕሮግራም ነው።